«ጨርሻለሁ» ያለው ሶፍትዌር፦ የ2002ቱ የአየር ብናኝ ስሌት ታሪክ

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2002 የሜይ ወር ሊያልቅ ሲል፣ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ጥቂት ተመራማሪዎች፣ ማንም ምሁር ከአፉ ሊያወጣው የማይወደውን ነገር አሳወቁ። ትልልቅ መጽሔቶች ያተሙት፣ መንግሥትም ደንብ ለማውጣት ከፊቱ ያስቀመጠው ቁጥራቸው ትክክል አልነበረም። ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ነበር የወጣው።

ቁጥሩን ያበላሸው የተጭበረበረ መረጃ አይደለም። መረጃውን የሰበሰቡት ሰዎችም አልሰነፉም። የሒሳቡ ሐሳብም በራሱ ጤነኛ ነበር። ጥፋቱ የተገኘው ብዙ ሰው ዞር ብሎ በማያየው ቦታ ላይ ነው፤ ሶፍትዌሩ «ስሌቱን ጨርሻለሁ፣ መልሱ ይኸውና» የሚልበትን ሰዓት በምትወስን በአንዲት ትንሽ ቁጥር ላይ። ቁጥሯ በመመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፋለች። የደበቃት የለም። የጠየቃትም ግን አልነበረም።

ዛሬ ማሽን ያወጣው ቁጥር እንደ ዳኛ ቃል በሚታይበት ዘመን፣ ይህ ከሃያ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ታሪክ እንደ አዲስ ቢነገር ይጠቅማል። ሶፍትዌር አደርገዋለሁ የሚለውና በተግባር የሚያደርገው ነገር ሲለያዩ ምን እንደሚከተል፣ እንዲህ ያለ ልዩነት ሲገኝም ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ያሳያልና።

■ ነገሩ ከጭስ ይጀምራል

በዲሴምበር 1952 የለንደንን ከተማ የከሰል ጭስና ጉም ለአምስት ቀናት አፈናት። በወቅቱ በተደረገው ግምት ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው ከወትሮው በላይ ሞተ፤ ከዓመታት በኋላ የወጡ ጥናቶች ደግሞ ቁጥሩን እስከ 12,000 ያደርሱታል። እንዲህ ያለውን ጭስ ገዳይ ነው ለማለት ረቂቅ ሒሳብ አያስፈልግም። አስቸጋሪው ጥያቄ የመጣው በኋላ ነው። ጭሱ ሲቀንስ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ ዓይን የማያየው ጥቃቅን ብናኝ ብቻ ሲቀርስ? እሱም ሰው ይገድላል?

በ1993 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በስድስት የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ከ8,000 በላይ ሰዎችን ለረጅም ዓመታት ተከታትለው መልስ ይዘው መጡ። አየሩ ከሁሉም በላይ በቆሸሸው ከተማ የሚኖር ሰው የመሞት ዕድሉ፣ አየሩ ከሁሉም በጠራው ከተማ ከሚኖረው ሰው በ26 በመቶ ከፍ ያለ ነበር። በ1997 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣ ፒኤም 2.5 ለሚባለው እጅግ ደቃቅ ብናኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ገደብ አወጣ።

ገደቡ ገንዘብ ይነካል። የድንጋይ ከሰል የሚያነዱ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችን፣ ፋብሪካዎችን፣ የጭነት መኪና ባለንብረቶችን ይመለከታል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገባ፤ እየተንከባለለም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በፌብሩዋሪ 2001 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ለኤጀንሲው ፈረደ፤ የአየር ጥራት ገደብ ሲወጣ የሚታየው የሰው ጤና እንጂ የኪስ ወጪ አይደለም አለ። በዚያው ሰሞን በምክር ቤት በኩል ሌላ ግፊት ነበር። በ1998 የወጣ አንድ ሕግ፣ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት መረጃው ለሚጠይቀው ሰው እንዲሰጥ አዘዘ። ባጭሩ፣ በአየር ብናኝ ላይ የሚወጣ እያንዳንዱ ቁጥር ጠበቃና ሎቢስት አጉሊ መነጽር ይዘው የሚጠብቁት ቁጥር ሆነ።

በዚህ መሀል ነው የጆንስ ሆፕኪንሱ ጥናት የመጣው። ገንዘቡን የሰጠው ሄልዝ ኢፌክትስ ኢንስቲትዩት የተባለ ድርጅት ነው። ይህ ድርጅት በ1980 ሲቋቋም ጀምሮ ገንዘቡን የሚያገኘው ከመንግሥትና ከመኪና አምራቾች በጋራ ስለሆነ፣ ሁለቱም ወገን ቢያንስ በጥርጣሬ አያየውም። በጆናተን ሳሜት የሚመራው ቡድን የ90 ትልልቅ የአሜሪካ ከተሞችን የ1987 እስከ 1994 መረጃ ሰበሰበ፦ በየቀኑ ስንት ሰው ሞተ፣ ሙቀቱ ስንት ነበር፣ በአየሩ ላይ ስንት ብናኝ ነበር። ውጤቱ በ2000 ወጣ። በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ውስጥ ያለው ፒኤም 10 የሚባለው ብናኝ በ10 ማይክሮግራም ሲጨምር፣ የዕለቱ ሞት በአማካይ በ0.41 በመቶ ይጨምራል አለ።

0.41 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ከ1,000 ሟቾች ላይ አራት ሰው ማለት ነው። ሚሊዮኖች በየቀኑ በሚተነፍሱት አየር ላይ ሲባዛ ግን ትንሽ አይደለም።

■ ክራር የሚቃኝ ሶፍትዌር

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል፤ የታሪኩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ነውና።

ሰው በክረምት ብርድ ጉንፋንና የሳምባ ምች ስለሚበረታ በብዛት ይሞታል። በጣም ሞቃት በሆነ ቀንም እንዲሁ። ብናኙ ራሱ ከወቅትና ከአየር ጠባይ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ አንድ ሰው በዚያ ቀን የሞተው በብርዱ ነው፣ በሙቀቱ ነው ወይስ በብናኙ የሚለውን ለመለየት ሦስቱን ማፍታታት ይጠይቃል። ለዚህ የተመረጠው ጋም በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የስታቲስቲክስ ሞዴል ነው። ትሬቨር ሄስቲና ሮበርት ቲብሺራኒ በ1986 ያስተዋወቁት ይህ ሞዴል፣ የወቅቱንም ሆነ የሙቀቱን ጫና ቀጥ ባለ መስመር ሳይወሰን እንደ ተፈጥሮው በሚጠማዘዝ መስመር ይስላል። በዘመኑ ብዙ ተመራማሪ የሚጠቀምበት ኤስ ፕላስ የተባለ ሶፍትዌር ሞዴሉን በአንድ ትእዛዝ ይሠራ ነበር።

ሶፍትዌሩ መልሱን የሚያገኘው በአንድ ጊዜ አይደለም። ክራር እንደሚቃኝ ሰው ነው የሚሠራው። ቃኚው አንዱን ክር ሲወጥር የሌላው ድምፅ ይዛነፋል፤ ያንን ሲያስተካክል ደግሞ የመጀመሪያው ትንሽ ይላላል። ስለዚህ ደጋግሞ ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ዙር ማስተካከያው እያነሰ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ለውጡ ለጆሮ የማይሰማ ሲሆን እጁን ያነሣል። ሶፍትዌሩም እንዲሁ የወቅቱን መስመር ያስተካክላል፣ ከዚያ የሙቀቱን፣ ከዚያ የብናኙን፣ ተመልሶም የወቅቱን።

እጁን የሚያነሣው መቼ ነው? ይህንን የሚወስኑት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንደኛው፣ በአንድ ዙርና በቀጣዩ መካከል ያለው ለውጥ ከሺህ አንድ በታች ሲሆን ይቁም ይላል። ሁለተኛው፣ ዙሩ ከ10 አይለፍ ይላል። ተጠቃሚው ራሱ ካልቀየራቸው በስተቀር ሶፍትዌሩ የሚይዘው እነዚህን ነው፤ በዘልማድ ዲፎልት የሚባሉት ዓይነት ናቸው።

እነዚህን ቁጥሮች የመረጠው ሰው ሞኝ አልነበረም። ኮምፒውተር ዘገምተኛ በነበረበት ጊዜ እያንዳንዱ ዙር ደቂቃ ይበላል፤ ሞዴሉ ያኔ ለሚውልበት ሥራ ደግሞ የሺህ አንድ ጥራት ይበቃል። ችግሩ መሣሪያው ሳይለወጥ ሥራው መለወጡ ነው። የእህል ሚዛን ኩንታል ጤፍ ሲመዝን ታማኝ ነው። ያንኑ ሚዛን ወርቅ ቤት ወስዶ ቀለበት መመዘን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሚዛኑ አልዋሸም፣ የተሠራው ለዚያ አይደለም እንጂ። የሺህ አንድ ማቆሚያ ያለው ሶፍትዌር የሺህ አራት የሆነ ጉዳት እንዲለካ ታዘዘ።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ወቅት፣ ሙቀትና ብናኝ እርስ በርስ ሲጠላለፉ የየዙሩ ማስተካከያ በጣም ያነሰ ይሆናል። ሶፍትዌሩ ገና መንገድ ላይ ነው፤ ግን እርምጃው ዝግ ስላለ የደረሰ መሰለው። ቀንድ አውጣ ዝግ ብላ ስለሄደች ቤቷ ገብታለች አይባልም። ማቆሚያው ግን የሚጠይቀው «ምን ያህል ተንቀሳቀስክ?» እንጂ «ደርሰሃል ወይ?» ብሎ አልነበረም።

በመመሪያው ቋንቋ ይህ መድረስ ይባላል። ተጠቃሚው ይህን ቃል ሲያነብ የሚረዳው «መልሱ ተገኝቷል» ብሎ ነው። ሶፍትዌሩ በተግባር የሚለው ግን «ከዚህ በላይ መሄድ አልታዘዝኩም» ነው። በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው የ90 ከተሞች ጥናት የወደቀው።

■ ራሳቸው አገኙት

ስሕተቱን ያወጣው የፋብሪካ ጠበቃ አልነበረም። ተቃዋሚ ምሁርም አላጋለጠውም። ያገኙት የጥናቱ ባለቤቶች ራሳቸው ናቸው። ፍራንቼስካ ዶሚኒቺ፣ ኤይዳን ማክደርሞት፣ ስኮት ዜገርና ጆናተን ሳሜት ውጤታቸው በሌላ የስሌት መንገድ ሲሠራ ያው ሆኖ ይገኝ እንደሆነ ሲፈትሹ፣ አንድ መሆን የሚገባቸው ቁጥሮች አልገጣጠም አሉ።

ምክንያቱን ሲያስሱ ማቆሚያው ላይ ደረሱ። ያንኑ መረጃ፣ ያንኑ ሞዴል፣ ያንኑ ሶፍትዌር ይዘው ማቆሚያውን ብቻ ቀየሩ። የሺህ አንድ የነበረውን ከነጥብ በኋላ 14 ዜሮዎች ወዳሉት እጅግ ጠባብ ቁጥር አወረዱት፤ የ10 ዙሩን ጣሪያ ወደ 1,000 ከፍ አደረጉት። ሌላ የተነካ ነገር የለም። 0.41 የነበረው ውጤት 0.27 ሆነ።

እዚያ ላይ ቢያቆሙ የሚወቅሳቸው አልነበረም። ግን ቀጠሉ። መስመሮቹን ተራ በተራ እየዞሩ መቃኘት የማያስፈልገው፣ የወቅትና የሙቀቱን መስመር በሌላ መልክ የሚስል ሞዴል ወስደው እንደገና አሰሉት። ውጤቱ 0.21 ሆነ፤ ቀድሞ ከታተመው ቁጥር ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ከ1,000 ሟቾች አራት ሰው የነበረው ወደ ሁለት ሰው ወረደ።

የስድብ ዶፍ እንደሚመጣ እያወቁ፣ ጠበቆችና ሎቢስቶች ደጅ ላይ እንደቆሙ እያወቁ፣ ነገሩን ለጥናቱ ገንዘብ ሰጪና ለመንግሥት አሳወቁ፤ በዚያው ዓመትም ዝርዝሩን በአሜሪካ የኤፒዲሚዮሎጂ መጽሔት ላይ አሳተሙ። በጁን 2002 ዜናው በኒው ዮርክ ታይምስ፣ በኔቸርና በሳይንስ ወጣ።

■ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ

ለደንቡ ተቃዋሚዎች ነገሩ ሰርግና ምላሽ ነበር። የዓመታት ክርክራቸው «ቁጥሩ አይታመንም» የሚል ነበርና፣ አሁን ባለቤቶቹ ራሳቸው ቁጥሩ አይታመንም ብለው ተገኙ። ኤጀንሲው በወቅቱ የብናኝ ገደቡን እንደገና ለመመርመር የሳይንስ ሰነዱን እያሰናዳ ነበር። ሰነዱ ላይ ከተጠቀሱት የዕለት ከዕለት ጥናቶች ብዙዎቹ የተሠሩት በዚሁ ሞዴል፣ በዚሁ ሶፍትዌር፣ በእነዚሁ ያልተነኩ ማቆሚያዎች ነው። አንድ ቤት ላይ የተነሣው እሳት መንደሩን ሁሉ አሰጋ።

እዚህ ላይ ኤጀንሲው ሁለት ቀላል መንገዶች ነበሩት። አንደኛው ነገሩን አቃልሎ ማለፍ፣ ሁለተኛው ጥናቶቹን ሁሉ ወርውሮ መጣል። የተደረገው ሦስተኛው ነው። ሥራው እንዲዘገይ ተደረገ፤ በኖቬምበር 2002 ባለሙያዎች በኖርዝ ካሮላይና ተሰብስበው መከሩ፤ ያንን ሶፍትዌር የተጠቀሙ በርካታ የተመራማሪ ቡድኖች የየራሳቸውን ጥናት በጠበቀ ማቆሚያና በሌላ ሞዴል እንደገና እንዲያሰሉ ተጠየቁ። ሄልዝ ኢፌክትስ ኢንስቲትዩት ሁሉንም ሰብስቦ፣ ገለልተኛ ገምጋሚዎች መርምረውት በሜይ 2003 በአንድ ጥራዝ አወጣው።

ከጥራዙ የወጣው ሥዕል ጥቁርና ነጭ አልነበረም። በብዙዎቹ ጥናቶች ላይ የብናኙ ጉዳት መጠን ቀነሰ። በአንዳንዶቹ ላይ ብዙ፣ በአንዳንዶቹ ላይ ጥቂት። በአውሮፓ ከተሞች ላይ የተሠራው ትልቅ ጥናት ከአሜሪካው ያነሰ ነበር የተነቃነቀው። ግን በአብዛኛው ጉዳቱ አልጠፋም። የጆንስ ሆፕኪንሱ 0.21 ራሱ ከስሌቱ እርግጠኛ አለመሆን በግልጽ ከፍ ያለ ቁጥር ነው። ብናኝ ይገድላል የሚለው ድምዳሜ ቆመ፤ የወደቀው «ይህን ያህል ይገድላል» የሚለው ልክ ነው።

ሌላም መታወስ ያለበት ነገር አለ። የ1993ቱ የስድስት ከተሞች ጥናትና እንደ እሱ ሰዎችን ለዓመታት የተከተሉ ጥናቶች በዚህ ሞዴል የተሠሩ አይደሉም። ስለዚህ ስሕተቱ አልነካቸውም። ጉዳዩ በአንድ ምሰሶ ላይ ብቻ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ቤቱ በሙሉ ይፈርስ ነበር።

■ ሁለተኛው ስንጥቅ

መመርመር ከተጀመረ አንድ ነገር ብቻ አይገኝም። በዚያው ሰሞን የካናዳ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች፣ ቲሞቲ ራምሴይ፣ ሪቻርድ በርኔትና ዳንኤል ክሬውስኪ፣ ሌላ ስንጥቅ አሳዩ። ሶፍትዌሩ ከእያንዳንዱ ውጤት ጎን አንድ ተጨማሪ ቁጥር ያትማል፤ ውጤቱ ምን ያህል ከፍ ዝቅ ሊል እንደሚችል የሚናገር፣ የእርግጠኝነት ልክ የሆነ ቁጥር። ይህን ቁጥር በትክክል ማስላት በድሮ ኮምፒውተር ከባድ ስለነበር ሶፍትዌሩ በአቋራጭ ነበር የሚያገኘው። አቋራጩ ወቅት፣ ሙቀትና ብናኝ ሲጠላለፉ አይሠራም። ውጤቱም ሶፍትዌሩ ከሚገባው በላይ እርግጠኛ ሆኖ መናገሩ ነበር።

ይህኛው ማቆሚያውን በማጥበብ አይድንም። ሺህ ጊዜ ቢዞርም ያው ነው። ተጠቃሚው የሚያየው «የስሕተት ልክ» የሚል ርእስ ያለው ዓምድ ነው፤ ከዓምዱ ስር ያለው ግን ግምት ነው።

የዚህኛው መጨረሻ ግን ያማረ ነው። በ2004 ዶሚኒቺና ማክደርሞት የእርግጠኝነቱን ልክ በትክክል የሚያሰላ ዘዴ በአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሔት ላይ ሲያሳትሙ ሦስተኛው ደራሲ ትሬቨር ሄስቲ ነበር፤ ያንን ሞዴል ከባልደረባው ጋር የፈጠረው ሰው። መሣሪያህ ጉድለት አለበት ሲባል አልተኮራረፈም፤ አብሮ ተቀምጦ ጠገነው። ዛሬ አር በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ላይ በሚገኘው የሄስቲ ፕሮግራም ውስጥ ማቆሚያው ከሺህ አንድ ወደ አስር ሚሊዮን አንድ ጠብቧል፤ የዙሩም ጣሪያ ከፍ ብሏል።

■ ደንቡስ ምን ሆነ?

ኤጀንሲው የሳይንስ ሰነዱን በኦክቶበር 2004 አጠናቀቀ። የተስተካከሉት ቁጥሮች ገብተውበት፣ የተሳሳቱት ወጥተው። በ2006 የፒኤም 2.5 የዕለት ገደብ ከ65 ወደ 35 ማይክሮግራም ወረደ። የዓመቱ ገደብ ከ15 ወደ 12 በ2012፣ ከ12 ወደ 9 በ2024 ዝቅ አለ። ማለትም ቁጥሩ ቀንሶ እንደገና የተሠራው ሳይንስ ደንቡን አላፈረሰውም፤ እንዲያውም ከበፊቱ የጠበቀ ደንብ ሊሸከም ቻለ።

ይህ እንቆቅልሽ የሚመስለው ላይ ላዩን ሲታይ ነው። በ2000 የነበረው 0.41 ትልቅ ቁጥር ነው፤ ማንም ግን አጥብቆ አልፈተነውም ነበር። በ2003 የነበረው 0.21 ትንሽ ቁጥር ነው፤ ወዳጅም ጠላትም አገላብጦ ያየው፣ በሁለትና በሦስት መንገድ የተሰላ ቁጥር ነው። ፍርድ ቤት ፊት የሚቆመው ሁለተኛው ነው።

የጆንስ ሆፕኪንስ ቡድን ከዚህ አንድ ተጨማሪ ትምህርት ወሰደ። የ90 ከተሞቹን መረጃና ስሌቱን የሠሩበትን የፕሮግራም ጽሑፍ ማንም አውርዶ እንዲደግመው ለሕዝብ ክፍት አደረጉ። በ2006 ሮጀር ፔንግ፣ ዶሚኒቺና ዜገር፣ የጤና ጥናት ሌላ ሰው ሊደግመው እንዲችል መረጃውና ኮዱ አብሮ ሊወጣ ይገባል የሚል አቋም የያዘ ጽሑፍ አሳተሙ። በቁጥር ስሕተት የተሸማቀቀ ቤት ብዙ ጊዜ በሩን ይዘጋል፤ እነዚህ በሩን ከፈቱ።

■ ነገሩ ያኔ የቀረ አይደለም

ይህ የድሮ ሶፍትዌር ታሪክ ነው ብሎ ለሚያልፍ ሰው ቅርብ ጊዜ የሆነ ሌላ አለ። ዛሬ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎች የሚሠለጥኑት በዚያው በክራር ቃኚው መንገድ ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቁጥሮች እየተነካኩ ስሕተቱ እስኪቀንስ ይዞራል። ለዚህ በሰፊው ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ አዳም ይባላል፤ በ2014 ነው የወጣው። በ2018 ሦስት ተመራማሪዎች ዘዴው መልሱ ላይ እንደሚደርስ የሚያሳየው የሒሳብ ማረጋገጫ ራሱ ጉድለት እንዳለበት አሳዩ፤ ዘዴው ፈጽሞ የማይደርስባቸውን ቀላል ምሳሌዎችም አቀረቡ።

በዚያው ዘመን ኢሊያ ሎሽቺሎቭና ፍራንክ ሁተር ሌላ ልዩነት አወጡ። ብዙ የሶፍትዌር ቤተ መጻሕፍት የሞዴሉን ክብደቶች በየዙሩ በጥቂቱ የሚያሳንስ ነው ብለው ስም የሰጡት አማራጭ ነበር። ስሙ አንድ ነገር ይላል፤ ውስጡ ያለው ኮድ ሌላ ይሠራል። በቀድሞው ቀላል ዘዴ ሁለቱ እኩል ስለሆኑ ልዩነቱ አይታይም ነበር፤ አዳም ሲመጣ ግን ተለያዩ፣ ስሙ ግን እንደነበረ ቀረ። ለዓመታት ብዙ ሰው አንዱን ያደረገ መስሎት ሌላውን ሲያደርግ ቆየ። ሁለቱ ሰዎች ስሙ የሚለውን በትክክል የሚሠራ የተስተካከለ ዘዴ አቀረቡ፤ ዛሬ ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች በብዛት የሚሠለጥኑት በዚያ ነው።

መልኩ ከ2002ቱ ጋር አንድ ነው። መሣሪያው ለአንድ ሥራ ተሠራ፣ ሥራው ተለወጠ፣ መመሪያው ላይ ያለው ቃል ግን የድሮውን ትርጉም እንደያዘ ቀረ።

■ ከታሪኩ የሚቀረው

ጥፋተኛ ፍለጋ ለሚወጣ ሰው ይህ ታሪክ አይመችም። ሞዴሉን የፈጠሩት አላጭበረበሩም። ሶፍትዌሩን የሸጠው ድርጅት ማቆሚያውን አልደበቀም። ተመራማሪዎቹ ውጤት አልፈበረኩም። ሆኖም ከሁሉም እጅ ያለፈ ስሕተት በሚሊዮኖች ጤና ላይ በሚወስን ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። መሣሪያ ሠሪው ተጠቃሚው ያስተካክለዋል ብሎ ተወው፤ ተጠቃሚው መሣሪያ ሠሪው አስቦበታል ብሎ ተወው። በሁለቱ መካከል ያለውን የሚጠብቅ አልነበረም።

ሳይነካ የተተወ ቁጥር ውሳኔ ነው። ተጠቃሚው አልወሰንኩም ቢልም ተወስኖለታል፤ የወሰነለትም ስለ እሱ ሥራ ምንም የማያውቅ፣ ከዓመታት በፊት በሌላ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሰው ነው። ይህ ለስታቲስቲክስ ባለሙያ ብቻ የሚነገር አይደለም። የሪፖርት ቁጥር የሚቀበል ኃላፊ፣ ጥናት ጠቅሶ የሚጽፍ ጋዜጠኛ፣ «ሲስተሙ ነው እንዲህ ያለው» የሚል መልስ የሚሰጠው ባለጉዳይ ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነው፦ ይህ ቁጥር በሌላ መንገድ ቢሰላ ያው ይሆናል? ካልጠረጠሩ ይመነጠሩ የሚባለው ለገበያ ብቻ አይደለም።

ጥርጣሬ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው ብሎ አየሩ እንደቆሸሸ እንዲቀር የሚፈልግ ጥርጣሬ ነው። እሱ ምንም አይሠራም፤ የሚጠብቀው የሌላውን መውደቅ ነው። ሌላው የራሱን ቁጥር እንደገና የሚያሰላ፣ ግማሹ ሲቀንስበት የቀረውን ግማሽ ይዞ የሚቆም ጥርጣሬ ነው። በ2002 ባልቲሞር ላይ የታየው ይህኛው ነው። ሶፍትዌሩ አስር ዙር ዞሮ ደርሻለሁ ባለበት ቦታ ሰዎቹ አላመኑትም፤ ሺህ ዙር አዞሩት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶች። ተረቱ የማይናገረው አንድ ነገር አለ፤ እስኪጠራ ድረስ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል።